የወህኒው ቁልፍ እስረኛው እጅ ሲገባ

(ጸሐፊው በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ ካደረገው ንግግር)



«አናርኪስት» የሚለውን ቃል እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኔ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታላላቆቼ አፍ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ የኢሕአፓን ልጆች የሚጠራበት ስድብ ነበር። ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ተሰዳቢዎቹ አናርኪስቶች አልነበሩም፤ ማርክሲስቶች ነበሩ። ሰዳቢውም ማርክሲስት ነኝ ባይ ነበር። ቃሉ አገራችን የገባው ትርጉሙን ደጅ አስቀምጦ ነው ቢባል ያስኬዳል። እስከ ዛሬም «ሥርዓት አልበኛ» ከማለት ሌላ ነገር አይታየንም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ እውነተኛ አናርኪስት ነው። ማንም ሳይለጥፍበት ራሱ መርጦት፣ ዕድሜውን ሙሉ የተጠራበት ሰው። ስሙ ሜልቾር ሮድሪጌዝ ጋርሲያ ይባላል፤ ስፔናዊ ነው። በአገሩ የሚታወቅበት ቅጽል ስም «ቀዩ መልአክ» የሚል ነው። እኛ «ቀይ» ከተባለ «ሽብር»ን ማስከተል የለመድን ሰዎች ነንና ቅጽሉ ጆሯችንን ሳይቆረቁረው አይቀርም። ስሙን ያወጡለት ደግሞ የገዛ ጓዶቹ አይደሉም፤ ጠላቶቹ ናቸው። እንዴት ሆኖ? እሱን ነው የምነግራችሁ። ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ሜልቾር የተወለደው በ1893 በሴቪያ ከተማ፣ ትሪያና በሚባለው ሠፈር ነው። ትሪያና ከጓዳልኪቪር ወንዝ ማዶ ያለ የሸክላ ሠሪዎች፣ የመርከበኞችና የበሬ ተፋላሚዎች ሠፈር ነው። አባቱ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር፤ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ በሥራ ላይ አደጋ ሞተ። እናት ልጆቿን ለማሳደግ ብቻዋን ቀረች። ሜልቾር 13 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱ አበቃና ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ።

ለትሪያና ድሃ ልጅ ከድህነት መውጫ ተብሎ የሚታይ አንድ በር ነበር፤ የበሬ ፍልሚያ። ሜልቾርን በአንድ ዓመት የሚበልጠው፣ እዚያው ሠፈር ያደገው ሁዋን ቤልሞንቴ በዚህ በር ወጥቶ ዓለም ያወቀው ዝነኛ ሆኗል። ሜልቾርም ሞከረ። ለጥቂት ዓመታት በየከተማው እየዞረ ተፋለመ። በ1918 ማድሪድ ላይ በሬው ወጋው። ቁስሉ ቢድንም ዝናው አልመጣም፤ ብዙ ሳይቆይ ተወው። ማድሪድ ገብቶም የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሆነ፤ በእኛ ጋራዦች ቋንቋ ባትላሜራ። እኔ በበሬ ሞት የሚደሰት ሕዝብ አይገባኝም። ቢሆንም ቀንድ ፊት ቆሞ አለመሮጥን የተማረ ሰው በኋላ ምን እንደጠቀመው ታያላችሁ።

ታዲያ ሰው አናርኪስት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? በአንዳሉሲያ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ሰፋፊው መሬት የጥቂት ባለርስቶች ነው። ገበሬ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ነው። ጧት አደባባይ ወጥቶ ይቆማል፤ የባለርስቱ ወኪል መጥቶ አንዱን ና፣ ሌላውን ሂድ ይለዋል። መንግሥትን የሚያውቀው ጠመንጃ ባነገተ ጓርዲያ ሲቪል መልክ ብቻ ነው። ለዚህ ሰው «ችግርህ ራሱ መንግሥት የሚባለው ነገር ነው» ቢሉት ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህም በ1910 ባርሴሎና ላይ የተመሠረተው ሲኤንቲ የተባለው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አባል ያፈራ ኃይል ሆነ። ፓርቲ የለውም፣ ምርጫ አይወዳደርም፣ ሚኒስትርነት አይፈልግም። መንግሥት ይጥፋ ሲል ደግሞ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ወህኒ ቤቱ ላይ ነው። አባሎቹ በብዛት የሚኖሩት እዚያ ነበራ!

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የዋሆች አልነበሩም። በ1921 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ኤድዋርዶ ዳቶን ማድሪድ መንገድ ላይ የገደሉት አናርኪስቶች ናቸው። በ1923 የሳራጎሳውን ካርዲናል ሶልዴቪያን የገደሉትም እነሱው ናቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከመካከላቸው እጅግ አስተዋይ የሚባለው የማኅበር መሪ ሳልቫዶር ሴጊ በአሠሪዎች ቅጥር ነፍሰ ገዳዮች ባርሴሎና ላይ ተረሸነ። ደም በደም የሚመለስበት ዘመን ነበር። ሜልቾር ከዚህ ውስጥ ሆኖ ሌላ መንገድ የያዘ ሰው ነው። ለዓላማ መሞት እንጂ ለዓላማ መግደል አይገባም ይል ነበር ይባላል። ይህን አባባል ሰላም ባለበት አገር፣ ቡና ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው። የእሱ ልዩነት የተናገረው ነገር ሲፈተን መታየቱ ነው።

ሥራው የእስረኞች ጉዳይ ሆነ። ሲፈታ ለታሰሩት ይሟገታል፤ ሲሟገት ይታሰራል። ንጉሣዊው መንግሥት አሰረው፤ ከ1923 ጀምሮ የጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ አምባገነን አገዛዝ አሰረው፤ በ1931 ሕዝቡ በእልልታ የተቀበለው ሪፐብሊክም አሰረው። ከ30 ጊዜ በላይ እንደታሰረ ይነገራል። መንግሥት ሲለወጥ የማይለወጠው የእሱ አድራሻ ነበር።

አሁን ወደ 1936 እንምጣ። ዓመቱን እናውቀዋለን፤ 1928 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ የስፔን ጄኔራሎች በሪፐብሊኩ ላይ አመፁ፤ ሙሶሊኒም ለእነሱ አውሮፕላንና ወታደር ላከላቸው። ስለዚህ እኛና እነሱ በዚያች ዓመት አንድ ጠላት ነበረን ብል ማጋነን አይሆንም።

አመፁ ማድሪድ ላይ ከሸፈ። ጠመንጃ ሠራተኛው እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የእኛ ወላጆች ከሌላ ዘመን ያውቁታል። ቀኝ ክንፍ የተባለ፣ ቄስ የሆነ፣ መኮንን የሆነ፣ አንዳንዴም ጎረቤቱን ያስቀየመ ሁሉ ሌሊት ከቤቱ ተወስዶ ንጋት ላይ መንገድ ዳር ሬሳው ይገኛል። ሜልቾርና ጓዶቹ በዚያው ሰሞን የቪያና ቤተ መንግሥት የተባለውን የአንድ መኳንንት መኖሪያ ያዙ። ሌላው ያዘና ዘረፈ፤ እነሱ ግን ያለውን ሥዕልና ዕቃ መዝግበው ጠበቁት፤ ቤቱንም የሚታደኑ ሰዎች መሸሸጊያ አደረጉት። የተሸሸጉት አብዛኞቹ ከድል በኋላ እሱን የሚያስሩት ሰዎች ወገን ናቸው። ያውቅ ነበር።

ኖቬምበር ሲገባ የፍራንኮ ጦር ማድሪድ ደጃፍ ደረሰ። በ6ኛው ቀን መንግሥት ከተማዋን ለመከላከያ ምክር ቤት ጥሎ ወደ ቫሌንሲያ ሸሸ። በከተማዋ ወህኒ ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ የቀኝ ክንፍ እስረኞች አሉ፤ ከእነሱም መካከል ብዙ መኮንኖች። የፍራንኮ ጦር ገብቶ ቢያስፈታቸው ወዲያው ጦር ይሆኑበታል። ስጋቱ እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔ ተብሎ የተደረገው ግን ሌላ ነው። ከኖቬምበር 7 ጀምሮ ስም ዝርዝር እየተነበበ፣ እስረኞቹ እየታሰሩ፣ በከተማው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ተጭነው ወጡ። ወረቀቱ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወሩ ወይም ተፈቱ ይላል። አውቶቡሶቹ የቆሙት ፓራኩዌዮስ ዴ ሃራማ የምትባል መንደር አጠገብና ቶሬሆን አካባቢ ነው። እዚያ እየተረሸኑ በጉድጓድ ተቀበሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው አለቀ። በወቅቱ የማድሪድ ፀጥታ ኃላፊ የነበረው የ21 ዓመቱ ሳንቲያጎ ካሪዮ በኋላ የስፔን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ሆነ፤ በ2012 እስኪሞት ድረስ እጄ የለበትም እንዳለ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ቁልፉ እስረኛው እጅ የገባው። ሲኤንቲ ከመርሁ ወጥቶ በዚያው ወር መጀመሪያ አራት ሚኒስትሮችን ለመንግሥት ሰጥቶ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሁዋን ጋርሲያ ኦሊቬር ሆነ። ይኼ ሰውዬ ትናንት ሽጉጥ ታጥቆ የሚዋጋ፣ ዓመታት ወህኒ የማቀቀ አናርኪስት ነው። ዛሬ የፍትሕ ሚኒስትር! ሲኤንቲን በጠበቃነት ያገለግል የነበረው ምክትሉ ሳንቼዝ ሮካ ሜልቾርን አስታወሰ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ማድሪድ የቀሩ ዲፕሎማቶችም ግድያው እንዲቆም ይጮኹ ነበር። ሜልቾር በኖቬምበር 10 ገደማ የወህኒ ቤቶች ልዩ ተወካይ ሆኖ ተሾመ።

የመጀመሪያ ትእዛዙ አጭር ነበር። ከምሽት እስከ ንጋት ያለ እሱ ፊርማ አንድም እስረኛ ከበሩ እንዳይወጣ። ገዳይ የሚሠራው ሌሊት መሆኑን ሰላሳ ጊዜ የታሰረ ሰው አሳምሮ ያውቃል። ማታ ማታ ራሱ ወህኒ ቤቶቹን እየዞረ በር ላይ ይቆም ነበር። አውቶቡሶቹ ቆሙ። ነገር ግን ሚኒስትሩ ከኋላው አልቆመም፤ ተጋጩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሜልቾር ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። እሱ ሲወጣ አውቶቡሶቹ ተመለሱ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሲገባ ይቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ እንደገና ሲሾም እንደገና ቆመ፤ በዚያ መልክም አልተመለሰም። አንዳንድ ጊዜ «ጊዜው ነው፣ ታሪካዊ ሁኔታው ነው፣ አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኔም እንዲህ የሚሉ ምሁራንን ሰምቻለሁ። ማድሪድ ላይ ግን አንድ ባትላሜራ በቂ ነበር።

ዲሴምበር 6 ቀን ጓዳላሃራ የምትባለው ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። የተቆጣ ሕዝብ ወህኒ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ወደ 300 የሚጠጉ እስረኞችን ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ቦምቡ አልካላ ዴ ኤናሬስ ላይ ወረደ። ይህች ሴርቫንቴስ የተወለደባት ከተማ ናት። እዚያም ሕዝቡና ሚሊሺያው ሬሳቸውን ትተው ወደ ወህኒ ቤቱ ጎረፉ። ውስጥ ከ1,500 በላይ እስረኞች አሉ።

ሜልቾር ደርሶ በሩ ላይ ቆመ። ፊት ለፊቱ ያሉት ጠላቶቹ አይደሉም። የራሱ ወገኖች ናቸው፤ ድሃ ናቸው፣ ሠራተኞች ናቸው፣ ልጆቻቸውን ፍርስራሽ ውስጥ ትተው የመጡ ናቸው። ለቅሷቸው እውነት ነው። ይኼ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። ለክፉ ሰው እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ላዘነ ወገን እምቢ ማለት ግን ሌላ ነው። ተሳደቡ፣ ጠመንጃ ደቀኑበት፣ ከሃዲ አሉት። እሱ ለሰዓታት ተከራከራቸው። እነዚህ ሰዎች ያልታጠቁ እስረኞች ናቸው፣ ቦምቡን እነሱ አልጣሉም፣ መግደል የሚፈልግ ግንባሩ ያው እዚያ ነው አላቸው። በመጨረሻም ልትገቡ ከሆነ ለእስረኞቹ መሣሪያ አድላለሁ፣ ተታኮሱ ብሎ አስፈራራቸው ይባላል። የራሱ ሽጉጥ ግን ጥይት አልነበረውም የሚሉ አሉ። ሌሊቱ ሲገፋ ሕዝቡ ተበተነ። ከእስረኞቹ አንድም ሰው አልሞተም።

በሩ ጀርባ ከነበሩት አንዱ ኮሎኔል አጉስቲን ሙኞዝ ግራንዴስ ነበር። ይህ ሰው በ1941 የሂትለርን ጦር ለመርዳት ወደ ሩሲያ የዘመተውን ሰማያዊ ክፍለ ጦር የመራ ነው። በ1962 ደግሞ የፍራንኮ ምክትል ሆነ። እንግዲህ ፍረዱ! ጓዶቹ ሜልቾርን «እባብ በጉያህ ታቀፍክ» ቢሉት ሐሰት ነበር? ያተረፋቸው ሰዎች ጦርነቱን አሸንፈው ከ1939 በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ረሽነዋል፤ የእሱን ጓዶች ጨምሮ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቀን አሰብኩት። የደረስኩበት ይህ ነው። ሜልቾር በሩ ላይ የቆመው እስረኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው ብሎ አይደለም። መልካም ሰዎች ቢሆኑማ ማንም ይቆምላቸዋል። እሱ የቆመው የታሰረ ሰው እጁ የታሰረ ስለሆነ ነው። ሌላ መመዘኛ አልነበረውም። ይህን የማይቀበል ካለ በጥያቄ ሰዓት ይሞግተኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣበት ከፍራንኮ ወገን አልነበረም፤ ከገዛ ሰፈሩ ነው። በማርች 1937 ከሥልጣኑ ተነሣ። ዝም ብሎ ግን አልሄደም። ካሪዮን የተካው የፀጥታ ኃላፊ ሆሴ ካሶርላ፣ ኮሚኒስት ነው፣ በማድሪድ ስውር እስር ቤቶች አሉት፤ ፍርድ ቤት የፈታቸውን ሰዎች ሳይቀር እየያዘ ይሰውራል ብሎ በኤፕሪል በሲኤንቲ ጋዜጣ ላይ በስም አወጣው። ጦርነት ላይ ነን፣ ገመናችንን ለጠላት አታሳይ አሉት። እሱ ገመናው መታየቱ ሳይሆን መኖሩ ነው ያሳፈረው። ግርግሩ ጠና፤ በዚያው ወር የመከላከያው ምክር ቤት እስከ መፍረስ ደረሰ። ጋዜጣ አንዳንዴ እንዲህም ይሠራል።

ሜልቾር ከዚያ በኋላ የማድሪድ ማዘጋጃ ቤት አባል ሆኖ የመካነ መቃብር ኃላፊነት ተሰጠው። ሹመቱ ፌዝ ይመስላል፤ እሱ ግን እዚያም ሥራ አገኘ። በ1938 ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔት ሴራፊን አልቫሬዝ ኪንቴሮ ሲሞት፣ መስቀል ማሳየት የሚያስገድል በሆነባት ከተማ፣ ሟቹ በእምነቱ ሥርዓት መስቀሉ ተደርጎለት እንዲቀበር ፈቀደ። ራሱ በእግዜር አያምንም።

ማርች 28 ቀን 1939 ማድሪድ ወደቀች። ሹማምንቱ ወደ ባሕር ሲሮጡ ከተማዋን ለአሸናፊዎቹ ያስረከበው እሱ ነው። ለጥቂት ሰዓታት የሪፐብሊኳ ማድሪድ የመጨረሻ ከንቲባ ተባለ። ብዙ ሳይቆይ ታሰረ። ያተረፋቸው ሰዎች ሥልጣን ላይ ናቸው፤ እሱ ወህኒ ነው! መጀመሪያ የጦር ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቀው፤ ዐቃቤ ሕጉ አልተዋጠለትምና ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ በዚህኛው የሞት ፍርድ ተጠየቀበት። ያን ጊዜ ሙኞዝ ግራንዴስ ጄኔራል ሆኗል። ተሟገተለት። ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው ሰዎች ፊርማ በሺህ የሚቆጠር ተሰብስቦ ቀረበ። ሞቱ ቀረና 20 ዓመት ተፈረደበት። አምስት ዓመት ያህል ታስሮ በ1944 ተፈታ።

አዲሱ አገዛዝ ሥራ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። አልፈልግም አለ። የኢንሹራንስ ወኪል ሆኖ ቤት ለቤት እየዞረ ኖረ። ባለ ውለታዎቹ ሚኒስትርና ጄኔራል ናቸው፤ እሱ ወደ ቢሯቸው የሚሄደው ለታሰሩ ጓዶቹ ለማማለድ ነበር። ለራሱ አንድም ነገር አልጠየቀም። በምስጢር ሲኤንቲ ውስጥ ስለቀጠለ የፍራንኮ መንግሥትም ደጋግሞ አሰረው። በዚህም ቆጠራው ሞላ፤ ንጉሡ፣ አምባገነኑ፣ ሪፐብሊኩ፣ ፋሺስቱ።

ስፔን ፍራንኮ ከሞተ በኋላም ይህን ሰው ለረጅም ጊዜ ማንሣት አልወደደችም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ግራው ሜልቾርን ካነሣ ፓራኩዌዮስን ማንሣት ግድ ይሆንበታል። ቀኙ ካነሣው ደግሞ የወንድሞቹን ነፍስ ያተረፈው አናርኪስት መሆኑን፣ ያንን ሰው ደግሞ መልሶ ራሱ እንዳሰረው መናገር አለበት። የማድሪድ ምክር ቤት መንገድ በስሙ እንዲሰየም በሁሉም ፓርቲዎች ድምፅ የወሰነው በ2016 ነው፤ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ።

የሞተው በፌብሩዋሪ 1972 ማድሪድ ውስጥ ነው። ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ነበር። ቀብሩ ላይ ከፍራንኮ ባለሥልጣናት ወገን ሰዎች መጡ፤ ፖሊስ የሚፈልጋቸው የድሮ አናርኪስቶችም መጡ። ሬሳ ሳጥኑ ላይ የሲኤንቲ ቀይና ጥቁር ሰንደቅ ተነጠፈ፤ በዚያ ዘመን ይህን ሰንደቅ መያዝ ያሳስር ነበር። አንደኛው ወገን አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ሌላኛው የአናርኪስቶቹን የትግል መዝሙር ዘመረ። ፖሊስ ቆሞ አየ፤ ማንንም አልያዘም።

ይኸው ነው፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።